አቦሉ ለምን ከበረካው ይጣፍጣል? የቤት ትንንሽ ደስታዎች ከዓይናችን የሚሰወሩበት ምክንያት

ደሴ፣ እኛ ሰፈር፣ ከሰዓት በኋላ ነው። አንዲት ልጅ ከደጅ ደጅ እየሮጠች «ቡና ጠጡ ተብላችኋል!» ትላለች። ጎረቤታችን ነጠላዋን እያጣፋች ትመጣለች። ገና በሩን ሳታልፍ «ኧረ ይሄ ቡና! ሽታው እኮ አስፋልት ድረስ ወጥቷል» ትላለች። ቡናውን የቆላችው እናቴ ቀና ብላ «እውነትሽን ነው?» ትላታለች። እሷን ምንም አይሸታትም። ምጣዱ ላይ አጎንብሳ ሩብ ሰዓት ቆይታለች። ጭሱ ዓይኗን እያስለቀሳት፣ ሽታው ግን ከአፍንጫዋ ጠፍቷል።

መንገድ ላይ የነበረው ሰው የሸተተውን ቡና፣ የቆላው ሰው እንዴት ያጣዋል?

ሰሞኑን ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ «ትንንሽ ደስታዎችን ልብ በሉ» የሚል ምክር በዝቷል። ሲሰሙት ቀላል ነው። ምክሩን ሰምታ፣ ድመቷን እያየች ተቀምጣ፣ «ታዲያ የታል ደስታው?» ያለች ሴት አውቃለሁ። እኔ ነኝ። በኋላ ስለ ጉዳዩ ሳነብ ምክሩ ስህተት እንዳልሆነ ገባኝ። ግማሹ ነው የጎደለው። ደስታው መጀመሪያውኑ ለምን እንደሚሰወር የሚነግረን የለም። እሱን ሳያውቁ መፈለግ ደግሞ በጨለማ መርፌ እንደመፈለግ ነው።

ለመሆኑ «ትንሽ ደስታ» የቱ ነው?

ሠርግ፣ ምርቃት፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ትልልቆቹ ናቸው። ቀን ተቆርጦላቸው፣ ድግስ ተደግሶላቸው ይመጣሉ። ትንሹ ሳይጠራ ይመጣል፣ ሳይሸኝ ይሄዳል። አክንባሎው ሲነሳ ዓይኑ ፍንትው ያለ እንጀራ። ጋቢ ላይ ሦስት ጊዜ ዞራ የምትተኛ ድመት። ሲፈተል ውሎ ማታ ላይ ልቃቂት የሞላ ጥጥ። ሐምሌ ላይ ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ ከሰል ዳር የሚቆረጠም ትኩስ ቆሎ።

ሁለት ቃላት እንለይ። ልብ ማለት፣ ነገሩ መኖሩን ማወቅ ነው። ማጣጣም ደግሞ ካወቁ በኋላ እዚያው ላይ ትንሽ መቆየት ነው። ብዙዎቻችን ልብ እንላለን፣ አናጣጥምም። «አሪፍ እንጀራ ነው» ብለን ወደ ስልካችን እንመለሳለን። ፍሬድ ብራያንት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማጣጣምን እንደ አንድ ችሎታ ወስዶ ለብዙ ዓመታት አጥንቶታል። ሦስት ጊዜ አለው ይላል፦ ሳይመጣ በመጠበቅ፣ ሲመጣ፣ ካለፈ በኋላ በማስታወስ። አማርኛ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። ቃላችን ራሱ ከምላስ የመጣ ስለሆነ ብዙ ማስረዳት አይፈልግም።

አፍንጫ ለምን ዝም ይላል?

አፍንጫችን ውስጥ ሽታ የሚቀበሉ ሕዋሳት አሉ። አዲስ ሽታ ሲመጣ ለአንጎል ይናገራሉ። ያው ሽታ ሳይቋረጥ ሲቀጥል ግን በደቂቃዎች ውስጥ ድምፃቸውን እየቀነሱ ይሄዳሉ። አንጎልም በበኩሉ «ይሄንን ሰምቻለሁ» ብሎ ያልፈዋል። ይህ መለማመድ ይባላል።

ጉድለት እንዳይመስላችሁ። የግቢያችንን ውሻ፣ ቡቺን አስቡት። የማያውቀው ሰው ሲመጣ ሰፈሩን በጩኸት ያናውጠዋል። የቤቱ ሰው በቀን አሥር ጊዜ ቢገባና ቢወጣ ጆሮውን እንኳ አያነሳም። ለሁሉም ቢጮኽ ኖሮ እንግዳውን ከቤተኛው ማን ይለይልን ነበር? አንጎላችንም እንደ ቡቺ ነው። ለውጥ ሲያይ ይናገራል፣ እዚያው ላለው ነገር አይናገርም። የቡናው ሽታ ለእናቴ ቤተኛ ሆኗል። ለጎረቤታችን ገና እንግዳ ነው።

የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ይህንን ነገር በሚኒባስ ያውቀዋል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። የሐረጎን ተራራ መንገድ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ የደሴ ሰው ጃኬቱን እያወለቀ «እንዴት ደስ የሚል ሙቀት ነው!» ይላል። የኮምቦልቻው ልጅ ሙቀቱን መኖሩንም ረስቶታል። እሱ በተራው ደሴ ሲወጣ «አየር ማለት ይሄ ነው!» ብሎ ደረቱን ይነፋል። እኛ የምናውቀው ብርዱን ነው።

ባህርዩ የሰው ብቻ አይደለም። በማስታወስ ላይ ባደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት የተጋራው ኤሪክ ካንዴል ሥራውን የሠራው በአንዲት የባሕር ቀንድ አውጣ ላይ ነበር። ቀንድ አውጧን ቀስ ብለው ሲነኳት መተንፈሻዋን ትሸበሽባለች። ደጋግመው ሲነኳት መሸብሸቧ እየቀነሰ ይሄዳል። መልእክት አቀባዩ ሕዋስ የሚያቀብለውን ኬሚካል ስለሚቀንስ ነው። ጅራቷን ድንገት በኤሌክትሪክ ሲነኳት ግን ያ የደከመ ምላሽ እንደገና ይነሳል። ይህችን የጅራት ነገር ያዙልኝ። ኋላ ታስፈልገናለች።

ደስታስ እንደ ሽታ ይለመዳል?

ይለመዳል። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለው የእኛው ተረት ነው። ተመራማሪዎች ሊለኩት የሞከሩት ብዙ ቆይተው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ አንድ የታወቀ የአሜሪካ ጥናት አለ። ሎተሪ የደረሳቸውን 22 ሰዎች፣ ካልደረሳቸው 22 ሰዎች ጋር አነጻጸረ። ቁርስ መብላት፣ ከጓደኛ ጋር መጫወት፣ ቀልድ መስማት፣ ቴሌቪዥን ማየት ምን ያህል ያስደስታችኋል ተብለው ተጠየቁ። ሎተሪ የደረሳቸው ሰዎች ከእነዚህ ተራ ነገሮች የሚያገኙት ደስታ ካልደረሳቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ትልቁ ደስታ ትንንሾቹን አደብዝዟቸዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቸኩሎ «ያው፣ ገንዘብ ደስታ አይሰጥም» ይላል። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ያን ያህል አይሸከምም። ከ40 ዓመት በኋላ በስዊድን በብዙ ሎተሪ አሸናፊዎች ላይ የተሠራ ትልቅ ጥናት፣ ከፍተኛ ገንዘብ የደረሳቸው ሰዎች በሕይወታቸው ያላቸው እርካታ ከዓመታትም በኋላ ከፍ ብሎ እንደቆየ አሳይቷል። ስለዚህ ብር ካላችሁ አትጣሉት። ለእኛ የሚጠቅመን የቁርሱ ነገር ነው።

ስለ ከተማችን ስም ከሚነገሩት ታሪኮች አንዱ እዚህ ጋ ትዝ ይለኛል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚህ ሰፍረው ሳለ በሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ ታየ፣ ቦታውንም «ደስዬ» አሉት ይባላል። እንግዲህ ጅራታም ኮከብ ታየ ተብሎ ከተማ ይቆረቆራል። ፀሐይ ወጣች ተብሎ የተቆረቆረ ከተማ ግን የለም። ፀሐይ በየቀኑ ስለምትወጣ ነው።

ታዲያ አቦሉ ለምን ይጣፍጣል?

መልሱ ሁለት ነው፣ ሁለቱም እውነት ናቸው።

አንደኛው ጀበናው ውስጥ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚፈሉት ከአንድ ዱቄት ነው። ቶናና በረካ ላይ የሚጨመረው ውኃ ነው። የቡናው ጣዕምና ጉልበት አብዛኛው በመጀመሪያው ውኃ ይወጣል። በረካ ቢቀጥን አያስገርምም።

ሁለተኛው እኛ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የወጡ የአንጎል ተመራማሪው የቮልፍራም ሹልትዝ ጥናቶች ነገሩን በደንብ ያሳያሉ። ጦጣዎች ጭማቂ ሲሰጣቸው አንጎላቸው ውስጥ ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል የሚረጩ ሕዋሳት ይነቃሉ። ከዚያ ጭማቂው ከመምጣቱ በፊት መብራት እንዲበራ ተደረገ። ጦጣዎቹ መብራቱን ሲለምዱ ሕዋሳቱ መብራቱ ላይ መንቃት ጀመሩ። ጭማቂው ራሱ ሲመጣ ዝም። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ሲቀር ደግሞ ከወትሮው በታች ወረዱ። እንደ ማኩረፍ በሉት።

ዶፓሚንን «የደስታ ኬሚካል» የሚሉት ብዙ ናቸው። አባባሉ ያሳስታል። ይልቅ የሚመዘግበው «ከጠበቅሁት በለጠ ወይስ አነሰ?» የሚለውን ነው። ልክ የተጠበቀው ሲመጣ የሚመዘገብ አዲስ ነገር የለም።

አሁን ወደ ረከቦቱ እንመለስ። ቡናው ሲቆላ ያለው ጫጫታ፣ ሙቀጫው ላይ የዘነዘናው ድምፅ፣ የጀበናው ፉጨት፣ እነዚህ ሁሉ የእኛ መብራቶች ናቸው። አቦል ከንፈር ከመንካቱ በፊት ግማሹ ደስታ ተበልቷል። ቶና ላይ ምንም የሚጠበቅ ምስጢር አልቀረም። በረካ ላይማ ጨዋታው ስለ ዘይት ዋጋ ሆኗል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሦስቱ ስሞች ከዓረብኛ የመጡ ናቸው፦ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ በረከት። ወሎ ውስጥ ሽማግሌው ወይም ሼኹ ዱዓ የሚያደርጉት፣ ምርቃቱ የሚጎርፈው በረካ ላይ ነው። በጣም የቀጠነው ሲኒ ትልቁን ስም ተሸክሟል። ይህ የኔ ግምት ነው፣ ነገር ግን የጥንት ሰዎች ስለ መለማመድ ሳያነቡ መድኃኒቱን ያወቁት ይመስለኛል። ጣዕሙ ሲያልቅ ምርቃት ጨመሩበት። የቀንድ አውጣዋ ጅራት ተነካ ማለት ነው።

በመጠበቅ በኩል የደሴ ሰው ሌላም ትርፍ አለው። ከፍታ ላይ ውኃ በቶሎ ስለሚፈላ ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ደሴ ላይ ወደ 92 ዲግሪ፣ ኮምቦልቻ ወደ 94 ዲግሪ አካባቢ። በዚህ የተነሳ የደሴ ንፍሮ አልበስል ይላል። ለከሰሉ ኪሳራ ነው። በጠባቂው ሆድ ግን ደስታው ይረዝማል (ከራበው በስተቀር)።

ማቋረጥ ለምን ይጠቅማል?

ይህ ሰው የማያምነው ክፍል ነው። የሚያስደስት ነገር መሃል ላይ ሲቋረጥ የሚበላሽ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሌፍ ኔልሰንና ቶም ሜይቪስ የተባሉ ተመራማሪዎች ማሳጅ የሚደረግላቸውን ሰዎች አነጻጸሩ። መሃል ላይ ያቋረጡት ሳያቋርጡ ከጨረሱት የበለጠ ተደሰቱ። ዕረፍቱ መለማመዱን አፈረሰው። አስቀድመው ሲጠየቁ ሰዎች የመረጡት ግን አለማቋረጥን ነበር።

ሌላ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ወጥቶ ነበር። ሰዎች ቸኮሌት ቀመሱ። ከዚያ ገሚሶቹ ለአንድ ሳምንት እንዲተዉት፣ ገሚሶቹ የቻሉትን ያህል እንዲበሉ ተነገራቸው። ሳምንቱ ሲያልቅ ሁሉም እንደገና ቀመሱ። ይበልጥ ያጣጣሙት የተዉት ናቸው።

ለወሎ ሰው ይህ ዜና አይደለም። ከ55 ቀን ጾም በኋላ ፋሲካ ሌሊት የሚቀመሰውን የዶሮ ወጥ የማያውቅ ማን አለ? ረመዳን ላይ አዛን ሲሰማ የሚነከሰውን የመጀመሪያ ቴምርስ? ያው ቴምር ሌላ ጊዜ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ማንም አያየውም። ጾም የሚጾመው ለምግብ ጣዕም ተብሎ አይደለም፣ የእምነት ነገር ነው። ጣዕሙ ከጎን የሚገኝ ነው። ቢሆንም በግቢያችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ስለሚጾም፣ ዓመቱን ሙሉ አንዳችን የሌላችንን የመጀመሪያ ጉርሻ እናያለን።

ድመቷስ?

ድመታችን ውሮ ትባላለች፤ እንደ ብዙ የሀገራችን ድመት። ጭኔ ላይ ስትወጣ ደረቷ ውስጥ ሞተር እንደተነሳ ኩርርር ትላለች። ድምፁ ከጉሮሮዋ የሚመጣ በጣም ወፍራም ንዝረት ነው። አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ እናርም፦ ድመት ኩርርር የምትለው ሲደላት ብቻ አይደለም። ታማም፣ ፈርታም ታደርገዋለች። የምትበላውን ትታ፣ ጥግ ይዛ ኩርርር ካለች እንስሳት ሐኪም ያስፈልጋታል።

መዳበሷ ለእኛ ምን ያደርጋል? በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ 249 ተማሪዎች ላይ በተሠራና እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት፣ ለ10 ደቂቃ ውሾችንና ድመቶችን የዳበሱ ተማሪዎች ምራቃቸው ውስጥ ያለው ኮርቲሶል፣ ማለትም ከጭንቀት ጋር የሚጨምረው ሆርሞን፣ ሌሎች ሲዳብሱ ከተመለከቱትና ፎቶ ብቻ ካዩት ያነሰ ነበር። ፎቶ አይተካም ማለት ነው። የድመት ቪዲዮ እያዩ ሌሊቱን ለሚያነጉ ይድረስልኝ።

ከእንግሊዝ የመጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ቤት ውስጥ የሚሞከር ነው። ድመቷን እያዩ ዓይንን ቀስ ብሎ መክደንና መግለጥ። ድመቶች ብዙ ጊዜ በዚያው መልክ ይመልሳሉ፣ ወደ ሰውየውም ይቀርባሉ። ውሮ ላይ ሞከርኩት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እንደ እብድ አየችኝ። በሦስተኛው ቀን መለሰችልኝ። እናቴ ከምድጃው ዳር ሆና «አሁን ከድመት ጋር መጠቃቀስ ጀመርሽ?» አለችኝ።

እንስሳ ቶሎ የማይለመደው ለዚህ ይመስለኛል። ወንበር ሁልጊዜ ያው ወንበር ነው። ድመት ግን ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ታኮርፋለች። መብራቱ መቼ እንደሚበራ አይታወቅም።

ስፌት የያዘ ሰው ለምን ሰዓቱን ይረሳል?

እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት፣ 2,250 ሰዎች በስልካቸው ድንገት እየተጠሩ «አሁን ምን እያሰብክ ነው?» ተባሉ። ወደ 47 በመቶ በሚሆነው ጊዜ የሚያስቡት ከሚሠሩት ሌላ ነገር ነበር። ሐሳባቸው በሄደበት ሰዓት ደስታቸውም ዝቅ ያለ ነበር። ስፌት ይህንን የሚከለክል ሥራ ነው። ወስፌው አንዴ ከሳተ ጣት ይወጋል። ቀዩን አለላ የት ጀምሬ የት ላቁም የሚለው ቁጥር ይጠይቃል። ሐሳብ ገበያ ቢሄድ ሰፌዱ ይናገራል። ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ የተባለው ተመራማሪ እንዲህ ያለውን መመሰጥ ብዙ አጥንቶታል። የሚመጣው ሥራው ከችሎታችን ጋር ሲመጣጠን ነው። በጣም ከቀለለ ያሰለቻል፣ በጣም ከከበደ ያስጨንቃል። ጥጥ መፍተልም እንደዚሁ ነው። እንዝርቱን ለማሾር እጅ ይበቃል፣ ክሩ እንዳይበጠስ ግን ልብ ያስፈልጋል።

የራስ ሥራ ሌላም ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ሰዎች በገዛ እጃቸው አጣጥፈው ለሠሩት የወረቀት ቅርፅ፣ ሌላ ሰው ከሚገምተው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ዋጋ ይሰጣሉ። ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ሥራው መጠናቀቅ አለበት። ሳያልቅ የቀረ ሥራ ያን ፍቅር አያመጣም። ማስረጃ ቢያስፈልግ ከቁምሳጥኑ ጀርባ የጀመርኩት ሰፌድ አለ። ሦስት ዓመቱ ነው። ሳየው ደስ አይለኝም። የመጀመሪያዋ ሙዳዬ ግን ጠማማ ናት፣ ክዳኗ አይገጥምም፣ እንግዳ ሲመጣ የማሳየው እሷን ነው።

ታዲያ ይህ «ችግርህን እርሳው» ማለት ነው?

አይደለም። ዘይት ሲወደድ ዘይት ተወዷል። ድመት መዳበስ የቤት ኪራይ አይከፍልም። እንዲህ ያለውን ምክር ለተቸገረ ሰው መወርወር ነውር ነው ብዬ አምናለሁ።

ግን ተቃራኒውም ልክ አይደለም፤ ችግር ካለ ትንሽ ደስታ አይታይም የሚለው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲመጣ ከደሴና ከኮምቦልቻ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። ተመልሶ በሩን የከፈተ ሰው መጀመሪያ ያየውን ጠይቁት። ብዙዎች ስለ ትልቅ ነገር አይነግሯችሁም። ስለ ጀበናው ነው፣ ስለ ምጣዱ፣ ስለ ጠፋችና ስለተገኘች ድመት። ማንም በዚያ መንገድ መማር አይገባውም ነበር።

ሌላው ልዩነት ይህ ነው። መለማመድ አንድን ነገር ያደበዝዛል፣ አዲስ ነገር ሲመጣ ግን ሰውየው ይነቃል። ሁሉም ነገር ጣዕም ካጣ፣ ይወዱት የነበረው ሁሉ ምንም ካልመሰለ፣ ይህም በየቀኑ ማለት ይቻላል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ጉዳዩ የድባቴ ምልክት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ቡና አፍልቶ መጠበቅ ሳይሆን ሐኪም ማየት ነው የሚያስፈልገው።

ከዚህ ውጭ ላለነው ሌላ ልማድም አለብን። ብዙ ስንስቅ ከመሃላችን አንዱ «ዛሬ እንዲህ የሳቅነው ምን ሊመጣ ነው!» ይላል፤ ሳቁም እዚያው ይሰበራል። ተመራማሪዎች ይህንንም አይተውታል፤ ደስታን በራስ ላይ ማብረድ ይሉታል።

ምን መሞከር ይቻላል?

ብዙ አይደለም። ቡናው ሲቆላ አንዴ ወደ ደጅ ወጥቶ መመለስ። አፍንጫው ያርፋል፣ ሽታው እንደ አዲስ ይመጣል። ስልኩን አቦል እስኪጠጣ ሌላ ክፍል መተው። የተጀመረውን ሰፌድ መጨረስ (ይሄ ለራሴ ነው)። የሚወደውን ነገር በየቀኑ ከማድረግ አንዳንዴ መዝለል።

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤታችን ገበያ ሄዳ ኖሮ ዘግይታ መጣች። አቦልም ቶናም አልፏል። «አማትሽ አትወድሽም ማለት ነው፣ በረካ ላይ ደረስሽ» አለቻት እናቴ። ሁሉም ሳቀ። ጎረቤታችን ዘንቢሏን አስቀመጠች፣ ሲኒዋን ተቀበለች፣ መጀመሪያ አሸተተችው። ፉት አለችና ዓይኗን ጨፈነች። «እንዴት ያለ ቡና ነው!» አለች። እርስ በርስ ተያየን። እኛ ውኃ ሆነ ብለን ስናማው ነበር።

«ደግሞ ዕጣኑ» አለች ቀጥላ፣ «ከርቤ ጨምራችሁበታል እንዴ?»

ሁላችንም ወደ ማጨሻው ዞርን። ለካስ ሲጨስ ነበር።